ተመልሶ መሄድ

እሁድ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ ለበጎ ፈቃድ ክለባችን አባላት የተናገርኩት ነው። ብዙዎቻችሁ መምጣት ስላልቻላችሁ በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ ጻፍኩት፣ በሰዓት ጥበት ያለፍኩትንም አንዳንድ ቦታ ጨምሬበታለሁ።

እንዴት ዋላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ ብትሉ ደስ ይለኛል፣ ማይኩ ሲቆራረጥ ነው የዋለው።

ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት አንብባልናለች፣ የታደሰው ቤት፣ የተተከለው ችግኝ፣ የተለገሰው ደም፣ ለመስከረም የተከፋፈለው ደብተር፣ ሁሉንም ሰምታችሁ አጨብጭባችኋል፣ ማጨብጨባችሁም ተገቢ ነው፣ በላብ የተሠራ ሥራ ነው። እኔ ዛሬ ንግግር አድርጊ ስባል ያሰብኩት ግን ሪፖርቱ ላይ መስመር ስላልተሰጣት አንዲት ነገር ነው። ተመልሶ መሄድ። አንድ ቦታ ሄደን፣ ሠርተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ከለጠፍን በኋላ፣ ወር አልፎ፣ ሦስት ወር አልፎ፣ እዛው ቦታ ማን ተመልሶ ሄደ? እስቲ እሱን እናውራ።

ይህን ያመጣብኝ የነሐሴው ቤት ነው። የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ እማማ ብቻቸውን የሚኖሩበት፣ ከወንዙ ዳር ያለው ጭቃ ቤት። ቆርቆሮውን ቀየርን፣ የበሰበሰውን ወራጅ አወጣን፣ ግድግዳውን አዲስ መረግን፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን፣ ዝናቡ ላያችን ላይ እየወረደ ማለት ነው። ያኔ በጣም ደስ ብሎን ነበር፣ እማማም መርቀውን መርቀውን አልጠግብ አሉ፣ እኛም ጭቃችንን ታጥበን ወደ ቤታችን ገባን፣ በቃ አለቀ ብለን።

ጥቅምት ላይ እኔ በዛ ሰፈር የሄድኩት ለእማማ ብዬ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከጎረቤት የተዋስነው መሰላል እዛው ቀርቶ ስለነበር ባለቤቱ ሲደውል እሱን ላመጣ ነው የሄድኩት። በሩን ሳንኳኳ እማማ ከፈቱልኝና "መጣሽ ልጄ" አሉኝ፣ ከዛ ግን እንደመደንገጥ ብለው ወደ ውስጥ ዞር አሉ። ስገባ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱ ስንጥቅ ጣት ያስገባል፣ በነፋሱ መግቢያ በኩል ያሉትን ደግሞ በፌስታል ወትፈዋቸዋል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ ጥቁር ፌስታል፣ እየጠቀለሉ አንድ በአንድ። እና ምን አሉኝ መሰላችሁ? "እናንተ አሳምራችሁ ሠርታችሁልኝ እኔ አበላሸሁባችሁ፣ እሳት ስለማነድ ይሆናል" አሉኝ። ጥፋቱ የሳቸው መስሏቸዋል! ሁለት ወር ሙሉ ያን ግድግዳ እያዩ፣ ብርዱ እየገባባቸው፣ እኛን አፍረው ሳይደውሉ ቆይተዋል፣ የሊቀመንበሩ ስልክ ግን በወረቀት ተጽፎ ከመብራቱ ማብሪያ አጠገብ ተለጥፏል።

የሳቸው ጥፋት አልነበረም። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ካልቦካ አይያያዝም፣ በደንብ የቦካው እንኳን መጀመሪያ የተመረገው ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ስለዚህ ደርቆ እስኪያልቅ ተጠብቆ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ በላመ ጭቃ ሁለተኛ ይመረጋል። ሁለተኛው ምርጊት ነው ቤቱን ቤት የሚያደርገው። እኛ አንዱን መርገን ሄድን። ያውም በነሐሴ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት፣ ጭቃው ከውጭ በኩል ሳይደርቅ እንደገና በሚርስበት ወር። ለምን በነሐሴ? ምክንያቱም ተማሪዎቹ እረፍት ላይ የሚሆኑት ያኔ ነው፣ የክረምት በጎ ፈቃድ የሚታወጀውም ያኔ ነው፣ ሁሉም ሰው ፎቶውን የሚለጥፈውም ያኔ ነው። ሥራውን ያስያዝነው ለኛ በሚመቸን ጊዜ ነው፣ ለጭቃው በሚመቸው ጊዜ አይደለም።

ኅዳር ላይ ስድስት ሆነን ተመለስን። ጭቃ የሚያውቁ አንድ የሰፈሩ አባት ለምነናቸው መጥተው አሳዩን፣ ስንጥቁን መጀመሪያ በውሃ ማራስ እንዳለብን፣ አለበለዚያ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ጠጥቶት ተመልሶ እንደሚላቀቅ፣ ከዛ በመዳፍ ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ መሙላት፣ ከዛ ላዩን ስስ አድርጎ መለሰን። እማማ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ለብቻ አስቀመጡ፣ አልጣሉም። ከሰዓት ቡና አፈሉ፣ ሦስተኛውን ሳንጠጣ አንሄድም ብለን በረካውንም ጠጣን። በነሐሴ ያን ያህል ሰው ሆነን ሄደን አንድ ሲኒ ቡና እንኳን አብረን አልጠጣንም ነበር፣ ቸኩለን ነበራ።

ስለዚህ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ተነጋግረን ያመጣነው ሐሳብ ይሄ ነው፣ ዛሬ እንድትወስኑበት ነው። ከአሁን በኋላ ቆርቆሮና ወራጅ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ። በክረምት ቦይ መጥረግና የሚያፈሰውን መድፈን ብቻ። ምርጊት በጥቅምት፣ ሁለተኛው ምርጊት በኅዳር ወይ በታኅሣሥ። ለተማሪዎቻችን እንደማይመች አውቃለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜን እንጠቀማለን። ሌላው ደሞ ቲሸርት። በየፕሮግራሙ አዲስ ቲሸርት ማሳተም እናቁም። የአንድ ዙር ቲሸርት ገንዘብ የስንት ቤት ምስማርና ቆርቆሮ እንደሚገዛ ገንዘብ ያዣችን ያውቃል፣ እኔ በበኩሌ ያለኝ ቲሸርት ይበቃኛል፣ እስኪቀደድ እለብሰዋለሁ።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ፣ ዛሬ በዋናነት ላወራ የፈለግኩት እሱን ነው፣ ሰው ብዙም ስለማያወራው።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን አታውቁትም። የዛሬ አራት ዓመት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፣ በሰላም ተገላገለች ተብሎ እልል ብለናል፣ እናቴ ገንፎ ልታዘጋጅ ወደ ቤት ሄዳለች፣ ከዛ ደሙ አልቆም አለ። ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትርና ከዛ በላይ ከፈሰሰ አደጋ ነው ይላሉ፣ ደሞ እንዴት ይፈጥናል መሰላችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ እያያችሁ ነው ሰው ከለር የሚቀይረው። የሷ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም ይሰጣል ግን ከራሱ ብጤ ሌላ አይቀበልም፣ እኛ አገር ደሞ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ጥቂት ነው። ሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ አልነበረም። ባሏ ወረቀቱን ይዞ በሌሊት ወጣ። እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ያን ሌሊት ስልኬ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ደውያለሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እየቀሰቀስኩ ደምህ ምንድነው እያልኩ፣ አብዛኛው የራሱን የደም ዓይነት አያውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ደሙ ተገኝቶ መጣ። ነርሷ ከረጢቱን ስትሰቅል እኔ ከአጠገቧ ነበርኩ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ የደሙ ዓይነት፣ ቁጥር፣ የተለገሰበት ቀንና የሚያልፍበት ቀን። የተለገሰበትን ቀን አነበብኩ። አስራ አንድ ቀን ሆኖታል። ቀኑን በጣቴ ስቆጥር ማክሰኞ ነው። በዓል አይደለም፣ ዘመቻ የለም፣ በዜና የቀረበ ጥሪ የለም፣ ተራ ማክሰኞ ነው፣ እኔ ያን ቀን ሥራ ገብቼ ወጥቼ ምን እንዳደረግኩ እንኳን አላስታውስም፣ አንድ የማላውቀው ሰው ግን ያን ማክሰኞ ተነስቶ ሄዶ ክንዱን ዘርግቷል። ስሙን አላውቅም፣ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። እህቴ ቀና ብላ የሄደችው በዛ ሰው ደም ነው። ልጇ ዘንድሮ መዋለ ሕፃናት ገብታለች።

ከዛ ወዲህ ነው እኔ የደምን ነገር ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። የደም ዓይነቶችን እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ ያወቀው ካርል ላንድስታይነር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም ነው፣ ከሱ በፊት ደም ማስተላለፍ በዕድል ነበር፣ አንዱን አድኖ አንዱን ይገድል ነበር። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 የሚውለው የሱ ልደት ስለሆነ ነው። እኛ አገር ደም ባንኩን የጀመረው ቀይ መስቀል ነው፣ በንጉሡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ከዛ በ2004 ዓ.ም. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ትልልቆቹ ያስታውሳሉ፣ ድሮ በሽተኛ ሲገባ ቤተሰብ ደም ተክታችሁ አምጡ ይባል ነበር፣ ዘመድ የሌለው ምን ያድርግ? አሁን አሠራሩ በበጎ ፈቃድ ለጋሽ ላይ የቆመ ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ትርጉሙ ምንድነው ብትሉኝ ያ በጎ ፈቃደኛ እኔና እናንተ ነን ማለት ነው፣ ሌላ ከየትም የሚመጣ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር መሠረታዊ ፍላጎቱን እንዲሸፍን ቢያንስ ከሕዝቡ 1 በመቶ የሚሆን ልገሳ ያስፈልገዋል ይላል፣ በእኛ ሕዝብ ብዛት አስሉት፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዩኒት በላይ ነው።

እና አሁን ወደ ተመልሶ መሄድ ልመለስ። ደም አይከማችም! ቀይ የደም ሴሉ በተለመደው ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ 35 ቀን ያህል ነው የሚቆየው። ለካንሰር ሕሙማን በብዛት የሚሰጠው ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ማለት ነው፣ 5 ቀን። 5 ቀን ብቻ! ፕላዝማው፣ ፈሳሹ ክፍል፣ ብቻ ነው በረዶ ሆኖ እስከ ዓመት የሚቆየው። ስለዚህ ሰኔ 7 ቀን ሁላችንም በሰልፍ ሄደን ስንለግስ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ያ ደም ለሐምሌ አጋማሽ እንጂ ለነሐሴ አይደርስም። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት ይዘጋሉ፣ ብዙው ለጋሽ ደሞ ተማሪ ነው፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ይደርቃል። በጾም ወራት ይቀንሳል። በበዓል ሰሞን ሰው ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ የመኪና አደጋ ደሞ ያኔ አይቀርም። እናት የምትወልደው ደሞ በየቀኑ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ክለባችን የጀመረው ነገር፣ ሪፖርቱ ላይ በአንድ መስመር ያለፈው፣ ለኔ ግን ከሁሉም የበለጠብኝ ይሄ ነው። መለገስ የምንችለው በሦስት ግሩፕ ተከፍለናል። አንድ ሰው ቢበዛ በሦስት ወር አንዴ ነው መለገስ የሚችለው፣ እኛ ደሞ በየወሩ አንድ ግሩፕ እንልካለን፣ አንደኛው በመጀመሪያው ወር፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው፣ ሦስተኛው ከዛ፣ ከዛ እንደገና አንደኛው። ሰው ብዙ አይመስልም፣ ግን አይቋረጥም። ባነር የለውም፣ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ደም ባንክ ሄደን ቁጥር ይዘን ተቀምጠን መምጣት ነው። ቀኑ ደሞ ማክሰኞ ነው፣ እኔ ነኝ ማክሰኞ ይሁን ብዬ የለመንኩት፣ ምክንያቱን አሁን አወቃችሁ።

ላልለገሳችሁ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ፍርሃቱ ብዙውን ጊዜ ካለማወቅ ስለሆነ። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ 45 ኪሎና ከዛ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ይችላል። መጀመሪያ ጥያቄ ትጠየቃላችሁ፣ ጣታችሁ ይወጋና የደም መጠናችሁ ይታያል፣ ግፊት ይለካል። ከዛ መርፌው፣ ለስላሳ ኳስ ነገር እየጨበጣችሁ፣ መለገሱ ራሱ ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፣ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። ፈሳሹን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፣ ቀዩ ሴል ሳምንታት ይፈልጋል፣ ለዛ ነው የሦስት ወሩ እረፍት። በባዶ ሆድ አትሂዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስትጨርሱ ዘላችሁ አትነሱ። ጥያቄውን ደሞ በእውነት መልሱ፣ እባካችሁ። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፣ ግን በቅርብ የተያዘ በሽታ በምርመራ ላይታይ የሚችልበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ጥርጣሬ ያለው ሰው ዛሬ አልሰጥም ብሎ ቢወጣ የሚጠይቀው የለም፣ ያ ራሱ ሰው ማዳን ነው።

ባለፈው ወር ከአባሎቻችን አንዷ፣ ትንሽ ልጅ ናት፣ በጣም ጓጉታ መጥታ የደም መጠኗ አነሰ ተብሎ ተመለሰች፣ ውጭ ወጥታ አለቀሰች። እኔ አቅፌያት ቆምኩ። ለሷም ለሌሎቻችሁም የምለው፣ ማነሱ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ስለሆነ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ እንኳንም በጊዜ ታወቀ። እና ይሄ ልጅ አሁን ምን እየሠራች ነው መሰላችሁ፣ የሦስቱንም ግሩፕ ዝርዝር ይዛ በየወሩ ከተራቸው ጥቂት ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ትደውላለች። ቴክስት አይደለም፣ ትደውላለች። እሷ መደወል ከጀመረች ወዲህ የቀረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክንድ መዘርጋት ባትችልም ያ ሁሉ ክንድ የሚዘረጋው በሷ ነው፣ ስሟን ሳልጠራ አመሰግናለሁ፣ አይናፋር ስለሆነች።

ጾም ላይ ነን ለምትሉኝ፣ አሁንም ጾመ ነቢያት ላይ ነን፣ እንዴት እናድርግ ያላችሁኝ አላችሁ፣ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም በረመዳን ሲሆን ከኢፍጣር በኋላ የሚለግሱ አሉ፣ ቀናችሁን በዛ አመቻችታችሁ ለደዋይዋ ንገሯት፣ ታስተካክላለች።

አንድ አባላችን በሻይ ሰዓት "ይሄ የፈረንጅ ክለብ ዓይነት ነገር እኛ አገር ይዘልቃል ወይ" ብሎኝ ነበር። ሮታሪን፣ የበጎ አድራጎት ክለቡን፣ ማለቱ ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከጓደኞቹ ጋር ሲጀምረው ስሙን ያገኘው ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ስለሚዞር። እህ፣ ይሄ የእኛ ጽዋ ማኅበር ማለት አይደለም እንዴ? በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞረው! ወንፈልስ? ዛሬ ያንተን አርሜ ነገ አንተ የኔን ልታርም፣ ዕዳው ራሱ ተመልሶ መምጣት ነው። እኛ ይሄን ከማንም አልተዋስነውም።

ከሮታሪ የምወስደው ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ከዓለም ላጥፋ ብሎ ተነሳ፣ በ1988 ሌሎቹ ድርጅቶችም ሲገቡበት በዓመት 350 ሺህ የሚጠጉ ልጆች በፖሊዮ ሽባ ይሆኑ ነበር። በ2013 እኛም አገር በሶማሌ ክልል ተመልሶ ገብቶ ነበር፣ በ2014 መጀመሪያ የመጨረሻው ታማሚ ታየ፣ ከዛ ነሐሴ 2020 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከዱር ፖሊዮ፣ በተፈጥሮ ከሚዛመተው ቫይረስ ማለት ነው፣ ነፃ ተባለ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እንዴት ሆነ? ክትባቱ ሁለት ጠብታ ነው፣ ግን አንዴ አይበቃም። የቀዝቃዛ ሳጥን በትከሻቸው አንግተው በር በር እያንኳኩ፣ የወሰደውን ልጅ ጣት ቀለም እየቀቡ፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ፣ ልጁ የሌለበትን ቤት መዝግበው በማግስቱ የሚመለሱ ሴቶች አሉ። ከዛ ሳጥን ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ያ በጠመኔ የተጻፈው ምልክት ነው፣ የትኛው በር እንደቀረ ይናገራላ።

እኛም ጠመኔ ያስፈልገናል። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ አንድ ደብተር ከፍተናል፣ የሠራንበት ቤት ሁሉ፣ የተከልንበት ቦታ ሁሉ ይጻፋል፣ አጠገቡ የምንመለስበት ቀንና የሚመለሰው ሰው ስም። ስም የሌለው መስመር አይዘጋም።

ስለ ችግኙ ብዙ አልናገርም፣ ጊዜም የለንም። ሐምሌ ላይ ከተከልናቸው ወይራዎችና ግራቪሊያዎች የደረቁትን ነቅለን ስናይ አንዳንዶቹ ከነፕላስቲካቸው ነው የተተከሉት፣ ሥሩ እዛችው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ማን እንደተከለው አልጠይቅም፣ ግን በሚቀጥለው ፕላስቲኮቹ ተሰብስበው በጆንያ ይቆጠራሉ፣ የችግኙን ቁጥር ካላከሉ አንሄድም። የተረፉት ደሞ አሁን በጋው መጣባቸው፣ እስከ በልግ ውሃ ካላገኙ አይተርፉም።

ዜናም አለን። ሁለት አባሎቻችን ጥር ላይ ይጋባሉ፣ የተዋወቁት ቆርቆሮ ሲያቀብላት ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አምስት አዲስ አባላት ገብተዋል፣ ሦስቱ ዛሬ እዚህ አሉ፣ ተነሱ እስቲ እንያችሁ። የእድሩ ዳኛ አዳራሹን በነፃ ስለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን። እማማም ሰላም ብለዋችኋል፣ ትናንት ሄጄ ነበር፣ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ከበሩ በላይ ትንሽ አለች፣ እሷን ጥር ላይ እንደፍናለን፣ ደብተሩ ላይ ስሜን ጽፌያለሁ።

ቅዳሜ ችግኝ ውሃ ማጠጣት ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጀሪካን ያለው ይዞ ይምጣ፣ ባለ 20ው ይከብዳል፣ ባለ 10ው ይሻላል። ሁለተኛው ግሩፕ ደም የሚሰጠው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፣ ሐሙስ ወይ ዓርብ ስልክ ይደወልላችኋል፣ አንሱ። ቁርስ በልታችሁ ኑ።